ከሰውየው ፊት ማን ይመጣል? ዝግመተ ለውጥና «መሻሻል» የምንለው ነገር

በአንድ የኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ ይህን ክር፣ ማለትም ይህን የጥያቄና መልስ ሰንሰለት፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ምክንያቷ ልጄ ናት። አንድ የሳይንስ መጽሐፍ ገልጣ ያችን ሁላችንም የምናውቃትን ስዕል ታያለች። በግራ በኩል የጎበጠ ዝንጀሮ መሰል ፍጡር አለ። ከፊቱ ያለው ትንሽ ቀና ብሏል። ቀጣዩ ደግሞ ከሱ ይበልጥ። መጨረሻ ላይ ቀጥ ብሎ የሚራመድ ሰው አለ። ጣቷን ሰውየው ፊት ባለው ባዶ ቦታ ላይ አሳርፋ፣ እዚህ ጋ ማን ይመጣል ብላ ጠየቀችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

ማታ ጥያቄዋን ወደ መድረኩ ይዤ መጣሁ። የራሴን አቋምም ጨመርኩበት። መጀመሪያ ባክቴሪያ ነበረ። ከዚያ ዓሣ መጣ፣ ከዚያ እንቁራሪት፣ ከዚያ እንሽላሊት፣ ከዚያ አጥቢ እንስሳ፣ በመጨረሻም ሰው። ታዲያ ይሄ መሻሻል ካልተባለ ምን ሊባል ነው? አምኜበት ነበር የጻፍኩት። በአራት ቀን ውስጥ 43 መልስ ገባ። ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ለሌለው ሰው፣ ክሩ እንዴት እንደሄደ በራሴ አነጋገር ልተርከው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1ኛው መልስ በጣም ጨዋ ነበር። የልጄን ጥያቄ አመስግኖ ስለ ስዕሏ አስረዳኝ። ሩዶልፍ ዛሊንገር የሚባል ሰዓሊ በ1965 የሠራት ናት። ሙሉው ስዕል 15 ምስሎች አሉት። ወረቀቱ ሲታጠፍ ግን የሚታዩት ስድስቱ ብቻ ናቸው። አብሮት የወጣው ጽሑፍ ከመሃላቸው የጎን ቅርንጫፍ የሆኑ እንዳሉ ይናገር ነበር። የሰው ዓይን ግን ጽሑፉን ትቶ ሰልፉን ያዘ።

2ኛው ከዚያው ቀጠለ። ሰልፉ አንዱ ሲወጣ ሌላው የሚገባበት ተራ አይደለም አለ። ከ60,000 ዓመት ገደማ በፊት ምድር ላይ ቢያንስ አራት ዓይነት ሰዎች ነበሩ። እኛ፣ ኒያንደርታሎች፣ ዴኒሶቫኖች፣ እና በኢንዶኔዥያ ፍሎረስ ደሴት ላይ ቁመታቸው አንድ ሜትር የሚሆን ትንንሾቹ። የኒያንደርታል አንጎል ከኛ አያንስም። ሉሲ፣ ማለትም ድንቅነሽ፣ ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት በሁለት እግሯ ቆማ ትሄድ ነበር። አንጎሏ ግን ከቺምፓንዚ እምብዛም አይበልጥም። ቀጥ ብሎ መቆምና የአንጎል ማደግ እጅ ለእጅ ተያይዘው አልመጡም። ቺምፓንዚዎችም አያቶቻችን ሳይሆኑ የአክስት ልጆቻችን ናቸው። ከጋራ አያታችን ከተለያየን ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ዓመት ይሆናል። ያ ዘመን ለነሱም ለኛም እኩል ነው ያለፈው። እኛን ለመሆን ተራ የሚጠብቁ አይደሉም።

3ኛው ዳርዊንን ጠቀሰ። ዳርዊን በአንድ መጽሐፍ ህዳግ ላይ «ከፍ ያለ» እና «ዝቅ ያለ» የሚሉትን ቃላት ፈጽሞ እንዳይጠቀም ለራሱ ማስታወሻ ጽፎ ነበር። ስለዚህ ጉዳዩ ከጥንቱ የተዘጋ ነው አለ። 4ኛው በአንድ መስመር ተስማማ። 5ኛው ሕይወትን ከስልክ ሶፍትዌር ጋር አመሳሰለው፤ አዲሱ ስሪት የድሮውን ይተካል በማለት። እኔም ያኔ ልክ መስሎኝ ነበር። 6ኛው ግን 3ኛውን አረመው። ያው ዳርዊን በ1859ኙ መጽሐፉ መደምደሚያ ላይ፣ የተፈጥሮ ምርጫ አካልንም አእምሮንም ወደ ፍጽምና እንደሚወስድ ጽፏል። ሰውየው ራሱ ሁለት ሐሳብ ይዞት ነበር ማለት ነው። 3ኛው በ8ኛው መልስ ተመልሶ መጥቶ ስህተቱን በደስታ ተቀበለ። እንዲህ ያለ ሰው በእንዲህ ዓይነት ክር ላይ ብዙ አይገኝም።

7ኛው ወደ እኔ ዞረ፤ ቃሉም ስል ነበር። ያ የደረደርኩት ዝርዝር ራሱ ችግሩ ነው አለ። እንቁራሪት ሲመጣ ዓሣ ሥራውን አልለቀቀም። ዛሬም የጀርባ አጥንት ካላቸው ዝርያዎች ግማሽ ያህሉ ዓሦች ናቸው። ዛሬ የሚዋኘው ዓሣ የኛን ያህል ረጅም ታሪክ ከኋላው አለው። ነፍሳትን የት ጣልካቸው? እንጉዳይንስ? ዛፎችንስ? መጨረሻው ሰው እንዲሆን አስቀድመህ ወስነህ ወደዚያ የሚወስደውን መንገድ ብቻ ሣልክ አለኝ። ጎመዘዘኝ። ደግሜ ሳነበው ግን ትክክል ነበር። ልጄ ያየችውን ሰልፍ እኔ በቃላት ደግሜዋለሁ። 9ኛው የ7ኛውን አነጋገር ነቀፈ፤ ፍሬ ነገሩን ግን አልነካውም።

ሐሳቤን ከሥሩ የነቀነቀው 10ኛው መልስ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ነገሩ ከቅሪተ አካል ተመራማሪው ከስቲቨን ጄይ ጉልድ የመጣ ነው። ሕይወት የጀመረችው ሊኖር ከሚችለው በጣም ቀላል ነገር አጠገብ ነው። ከዚያ በታች ቀላል ሆኖ በሕይወት መቆየት አይቻልም። ግድግዳ አለ። ጉልድ በግድግዳ ጥግ የሚንገዳገድ ሰካራም አድርጎ ነው የገለጸው። ሰውየው ወዴትም መሄድ አልፈለገም። ግን በአንድ በኩል ግድግዳው ስለሚመልሰው የሚርቀው በሌላው በኩል ብቻ ነው። እኔ ሲገባኝ እንዲህ ነው፦ ግድግዳ ሥር ውሃ ብትደፉ ውሃው ወደ አንድ ወገን ብቻ ይሰፋል። ጫፉን ብቻ ያየ ሰው ውሃው ወደዚያ እየተጓዘ ነው ይላል። ውሃው ግን እየሰፋ እንጂ እየተጓዘ አይደለም። አብዛኛው አሁንም ግድግዳው ሥር ተኝቷል።

ሕይወትም እንደዚያው ናት። ከ3.5 ቢሊዮን ዓመት በፊት ባክቴሪያ ነበረ። ዛሬም የምድር ሕይወት ብዛቱ እዚያው ባክቴሪያው ጋ ነው። አፋችን ውስጥ፣ አፈር ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በታች ባለ አለት ውስጥ። በዚያ ሁሉ ዘመን የተለወጠው የልዩነቱ ስፋት ነው። እኛ ደግሞ ከሥርጭቱ አንዱን ጫፍ ይዘን ታሪኩ ሁሉ ወደ እኛ ሲመጣ እንደነበር አድርገን እናወራለን። ይህን አንብቤ ስልኬን አስቀመጥኩና ቁጭ ብዬ አሰብኩ።

11ኛዋ በላቦራቶሪ የምትሠራ ሴት ናት። ክርክር ውስጥ አልገባችም፤ በየቀኑ የምታየውን ነገረችን። ባክቴሪያ ሳህን ላይ ይዘራል። መሃሉ ላይ አንቲባዮቲክ የነካ ትንሽ ክብ ወረቀት ይቀመጣል። በማግስቱ ሳህኑ በሙሉ በባክቴሪያ ደምኖ፣ በወረቀቱ ዙሪያ ብቻ የጠራ ቀለበት ይታያል። መድኃኒቱ የገደለበት ቦታ ነው። አንዳንድ ቀን ግን በጠራው ቀለበት ውስጥ ሁለት ሦስት ነጠላ ነጥቦች ይበቅላሉ። እነሱን መድኃኒቱ አልፈጠራቸውም አለች። ልዩነቱ መድኃኒቱ ከመምጣቱ በፊት እዚያ ነበረ። ወረቀቱ እስኪቀመጥ ድረስ ግን የሚለያቸው ነገር አልነበረም።

12ኛው ይህን ይዞ ልዩነት ስህተት አለመሆኑን በደንብ አብራራ። የዝግመተ ለውጥ ተመራማሪው ኤርንስት ማየር አጥብቆ ያስተማረው ነገር ነው። ድሮ ለእያንዳንዱ ዝርያ አንድ እውነተኛ ቅርጽ አለ፣ ግለሰቦቹ ከዚያ ቅርጽ የተዛነፉ ናቸው ተብሎ ይታሰብ ነበር። እውነታው ግልባጩ ነው። ያሉት ግለሰቦቹ ናቸው። አማካዩ እኛ በወረቀት ላይ የምናሰላው ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ሕፃን በወላጆቹ ውስጥ ያልነበሩ ከ60 እስከ 70 የሚሆኑ አዳዲስ የዘረመል ለውጦች ይዞ ይወለዳል። አብዛኞቹ ምንም አይሠሩም። ግን አሉ። 14ኛው ታዲያ በቀለበቱ ውስጥ የበቀሉት ባክቴሪያዎች የተሻሉ ናቸው ማለት ነው ወይ ብሎ 11ኛዋን ጠየቀ። ዝም ብላ ከመመለስ አይታ እንደምትመጣ ቃል ገባች።

ቀጥሎ ክሩ ወደ ኋላ የሄዱ ወደሚመስሉ ፍጥረታት ዞረ። 15ኛው ሳኩሊናን አመጣ። ጫጩቷ እግር አውጥታ የምትዋኝ የሸርጣን ዘመድ ናት። ስታድግ ግን እግሯንም አንጀቷንም ጥላ፣ በሸርጣን ሰውነት ውስጥ እንደ ሥር የምትሰራጭ ነገር ትሆናለች። ሸርጣኑ ይመክናል። የሳኩሊናን እንቁላሎች የራሱ ይመስል ይንከባከባል። 16ኛው የኮሶ ትልን ጨመረ፤ እሱም አንጀት የለውም። ሰው አንጀት ውስጥ ተኝቶ የተፈጨ ምግብ በቆዳው ለሚመጥ ፍጡር አንጀት ምን ያደርግለታል? 17ኛው ይሄ መበላሸት እንጂ ዝግመተ ለውጥ አይደለም ብሎ ተቆጣ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ።

ለ17ኛው የመለሰለት 19ኛው ነው። ከክሩ ሁሉ ይህን መልስ እወደዋለሁ። በሜክሲኮ ዋሻዎች ውስጥ ዓይን የሌለው ዓሣ አለ። ከዋሻው ውጭ ባለው ወንዝ ደግሞ ያው ዝርያ ዓይን አለው። የዋሻው ዓሣ በጽንስነቱ ዓይን መሥራት ይጀምራል። ከዚያ ሌንሱ ይሞትና ዓይኑ ይከስማል። በ2000 ተመራማሪዎች ከወንዙ ዓሣ ጽንስ ላይ ያችን ሌንስ አንስተው በዋሻው ዓሣ ጽንስ አንድ ጎን ላይ ተከሉ። በዚያ ጎን ዓይን አደገ። በሌላው ጎን ቆዳው እንደተዘጋ ቀረ። የአንድ ዓሣ ፊት፣ በአንድ ወገን ዓይን፣ በሌላው ወገን ምንም። ዓይን የመሥራቱ ችሎታ አልጠፋም ማለት ነው፤ ቆሟል። በጨለማ ውስጥ ዓይን ጉልበት ይበላል እንጂ አያበላም። 17ኛው ይህ ዓሣ ተሻሻለ ወይስ ተበላሸ ተብሎ ተጠየቀ። ለዚህ ሳይመልስ ወደ ሌላ ነገር አለፈ።

20ኛው ላይ ክሩ መጥፎ መንገድ ያዘ። ጸሐፊው አንዳንድ ሕዝቦች በዝግመተ ለውጥ ከሌሎች ቀድመው ሄደዋል አለ። 21ኛውና 22ኛው እሳት ሆኑበት። ልክ ነበሩ። የረጋ መልስ ይዞ የመጣው ግን 23ኛው ነው። የዘረመል ተመራማሪው ሪቻርድ ሌዎንቲን በ1972 ባወጣው ሥራ በሰው ልጆች መካከል ካለው የዘረመል ልዩነት 85 በመቶ ያህሉ በየአንዳንዱ ሕዝብ ውስጥ ያለ መሆኑን አሳይቷል። አብዛኛው ልዩነት ያለው በሕዝቦች መካከል ሳይሆን ባንተና በጎረቤትህ መካከል ነው ማለት ነው። «ቀዳሚ» እና «ኋላ ቀር» የሚለው መሰላል ዋጋ አስከፍሏል። ፍራንሲስ ጋልተን በ1883 የሰውን ዘር በምርጫ ማሻሻል ለሚለው ሐሳብ «ዩጀኒክስ» የሚል ስም አወጣለት። በሚቀጥለው ክፍለ ዘመን በዚያ ስም ሰዎች በግዳጅ እንዲመክኑ ተደረጉ። ይህን ያነበበ ሰው «መሻሻል» የሚለውን ቃል ሲጽፍ እጁ ሊከብደው ይገባል። የኔም ከብዶኛል። 24ኛው ስድብ ስለነበር አወያዩ አነሳው።

ከ25 እስከ 29 ያለው ከርዕስ ወጣ። ስለ ሽንኩርት ነበር። የሽንኩርት ዲ ኤን ኤ ከሰው በአምስት እጥፍ ገደማ ይበልጣል። አንዱ ሊያምን አልቻለም፤ ሌላው አረጋገጠለት። ርዝመት ውስብስብነትን አይለካም ተባብለው ተለያዩ።

30ኛው ወደ ቦታው መለሰን፤ በኔ አመለካከት የመጀመሪያውን ጠንካራ ተቃውሞ ያመጣውም እሱ ነው። የ10ኛው የግድግዳ ሐሳብ ሁሉንም ነገር አያብራራም አለ። በ2015 የወጣ ጥናት የባሕር እንስሳትን የሰውነት መጠን በ542 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ተከትሎ ነበር። አማካዩ ከ150 እጥፍ በላይ አድጓል። ዝም ብሎ መስፋት ብቻ ይህን አያመጣም፤ ትላልቆቹ የእንስሳት ወገኖች ከሌሎቹ ይበልጥ ተባዝተዋል። ስለዚህ በአንዳንድ ነገር አቅጣጫ አለ። 10ኛው በ31ኛው መልስ መለሰ። የማክሼይን ሥራ ጠቀሰ። ተመራማሪው ዳንኤል ማክሼይ የአጥቢ እንስሳትን የጀርባ አጥንት ከአያት ወደ ዘር እያነጻጸረ ውስብስብነቱን ለክቶ ነበር። የጨመሩም የቀነሱም አገኘ፤ ወደ ውስብስብነት የሚገፋ የጸና ዝንባሌ ግን አላገኘም። 30ኛው ይሄ ስለ አከርካሪ እንጂ ስለ ሁሉም ነገር አይደለም ብሎ ተነሳ። ጨዋታው ከረረ። አንዱ ሌላውን አላነበብክም ይላል። እኔ እንደማየው ሁለቱም ትክክል ናቸው። መጠን በአማካይ ሊያድግ ይችላል። ግን መተለቅ መሻሻል ነው ያለው ማን ነው?

32ኛዋ በዚህ መሃል የጋላፓጎስ ደሴቶችን ወፎች አመጣች። ተመራማሪዎቹ ፒተርና ሮዝሜሪ ግራንት ከ1973 ጀምሮ ዳፍኒ ሜጀር በምትባል ትንሽ ደሴት ላይ ወፎችን እየያዙ መንቁራቸውን ይለኩ ነበር። በ1977 ድርቅ መጣ። ትንንሾቹ ፍሬዎች አለቁና ትላልቅና ጠንካራ ፍሬ ብቻ ቀረ። አብዛኞቹ ወፎች ሞቱ። የቀጣዩ ትውልድ የመንቁር ውፍረት አማካይ በግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ጨመረ። ግማሽ ሚሊሜትር! ይህቺ ናት በሕይወትና በሞት መካከል የቆመችው። ከ1982 እስከ 83 ደግሞ ከባድ ዝናብ ዘነበ። ደሴቷ በትንንሽ ፍሬ ተሞላች። አሁን የተጠቀሙት ትንሽ መንቁር ያላቸው ናቸው። ከድርቁ እስከ ዝናቡ ያለውን ብቻ ያየ ሰው መንቁር እያደገ ነው ይል ነበር።

33ኛው ግን እጁን አልሰጠም። በባዮሎጂ ተመራማሪው በሪቻርድ ሌንስኪ ሙከራ 12 የባክቴሪያ ብልቃጦች ከየካቲት 1988 ጀምሮ በየቀኑ ወደ አዲስ ምግብ ሲዛወሩ ኖረዋል። በየ500 ትውልዱ ናሙና በበረዶ ይቀመጣል። ልጆቹን ከበረዶ ከሚነሱት አያቶቻቸው ጋር ብታወዳድራቸው ልጆቹ ያሸንፋሉ። በየትውልዱ እየበለጡ ነው የሄዱት። ይህስ መሻሻል አይደለም? 34ኛው መለሰ። በዚያ ብልቃጥ፣ በዚያ ምግብ፣ በዚያ ሙቀት ነው የሚያሸንፉት። ደግሞ ከ12ቱ በአንዱ ብቻ፣ በ31,500ኛው ትውልድ አካባቢ፣ ከብልቃጡ ውስጥ ያለውን ሲትሬት የሚባል ንጥረ ነገር የሚበሉ ባክቴሪያዎች ታዩ። ሌሎቹ 11 ያው ምግብ አጠገባቸው ተቀምጦ አልነኩትም። አንድ መንገድ የሚጓዙ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ይደርሱበት ነበር። 33ኛው ይህ ውሃ የሚያነሳ ነጥብ ነው ብሎ ተቀበለ፤ ግን በአንድ ቦታ ላይ ቢሆንም መሻሻል መሻሻል ነው አለ። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ቃሉን መጣል አልፈልግም። «በምን ቦታ?» የሚለው ጥያቄ ግን ሁልጊዜ አብሮት መምጣት አለበት።

35ኛውና 36ኛው ከባድ ሚዛን ያላቸው ናቸው። አንዱ የባዮሎጂ ሊቁን የሪቻርድ ዶኪንስን ሐሳብ አቀረበ፤ አዳኝና ታዳኝ እየተፎካከሩ ሲሄዱ እግሩም ዓይኑም በእርግጥ ይረቅቃል፣ ቢያንስ ፉክክሩ እስከቆየ ድረስ። ሌላው የሁለት ባዮሎጂስቶችን፣ የሜይናርድ ስሚዝንና የሳትማሪን፣ የ1995 ሥራ አነሳ። ነጠላ ህዋሶች ተባብረው አንድ አካል ሆኑ፣ አካሎች ተባብረው እንደ ጉንዳን ያለ ማኅበር ሆኑ። እነዚህ ለውጦች ሲመጡ ከዚያ በፊት ያልነበረ በር ይከፍታሉ። ይህን ግድግዳው ሥር የተደፋው ውሃ በቀላሉ አይመልሰውም። እዚህ ላይ ክሩ ጥሩ መልስ አላገኘም። እኔም የለኝም፤ አሁንም እያነበብኩ ነው።

37ኛው እምነትን አንስቶ ነበር። አወያዩ ለዚያ ሌላ ክር እንዲከፈት በትህትና ጠየቀ። 38ኛው እና 39ኛው ትሪሎባይት ስለሚባሉ የጥንት የባሕር እንስሳት ነበሩ፤ 270 ሚሊዮን ዓመት ያህል ባሕር ውስጥ ኖረው ከ252 ሚሊዮን ዓመት በፊት በታላቁ እልቂት ስለጠፉት። ለዚያን ያህል ዘመን የኖረን ፍጡር ያልተሳካለት ማለት ይከብዳል።

40ኛው ለልጅህ ምን አልካት ብሎ ጠየቀኝ። 41ኛው የኔ ነው። ስዕሏን አብረን እንደገና እንደሠራናት ጻፍኩ። ከአንድ ግንድ ጀምረን ቅርንጫፍ እያወጣን ሄድን። ቺምፓንዚን ከኛ ጎን፣ በእኩል ከፍታ፣ በሌላ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ አስቀመጠችው። ኒያንደርታል የተቋረጠ ቅርንጫፍ ሆነ። ዓሣና እንጉዳይ ያለቦታቸው እንዳይቀሩ ወረቀቱ አልበቃ ብሎ ሁለተኛ ለጠፍንበት። ባክቴሪያን የት ላድርግ አለችኝ። ቦታ ልንሰጠው ብንሞክር ገጹን ሁሉ ሊወስድብን ሆነ። 42ኛው ፎቶውን እንድለጥፍ ጠየቀ፤ ለጠፍኩ።

43ኛው የላቦራቶሪዋ ሴት ነበረች። ቃሏን አልረሳችም። ከጠራው ቀለበት ውስጥ ከበቀሉት አንዱን፣ ከቀለበቱ ውጭ ካሉትም አንዱን ወስዳ፣ መድኃኒት በሌለባቸው ሁለት ሳህኖች ላይ በአንድ ምሽት ዘራቻቸው። ጠዋት ስታይ፣ ከውጭ የመጡት የምስር ፍሬ አክለው ሳህኑን ሞልተውታል። ከቀለበቱ ውስጥ የመጡት የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ሆነው ቀርተዋል። ሁልጊዜ እንዲህ እንደማይሆን፣ ያለ ምንም ዋጋ መድኃኒት የሚቋቋሙም እንዳሉ አስጠንቅቃለች። የሁለቱን ሳህኖች ፎቶ ጎን ለጎን አድርጋ ላከች።

ለልጄ አሳየኋት። የትኛው የትኛው እንደሆነ ጠየቀች፤ ነገርኳት። ትንንሾቹን ነጥቦች በጣቷ ነካችና፣ መድኃኒቱ ተመልሶ ቢመጣስ አለች።